በሐረና ጫካ ወፍ ለማየት፦ ከዋዜማው እስከ ማታ

ባሌ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ሐረና ገባን። ጫካው በወፍ ድምፅ ይናጣል። ግን አንዱንም በቅጡ ሳናይ ወጣን። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የደመና ጫካ ውስጥ ወፍ እየዞሩ በመፈለግ አይገኝም። አንድ ቦታ ቆሞ በማዳመጥ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ባይኖኩላር (አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር) መጨረሻ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚሠራ ቅጠል ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ቦታውን ቀድማችሁ እወቁ

ሐረና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል ነው። ከጎባ ተነስታችሁ የሰነቴን አምባ ስታቋርጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። አምባው ሲያልቅ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ጫካው 3,200 ሜትር አካባቢ ይጀምርና እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ይዘልቃል።

ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ዳገት ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደመናው ዛፎቹ መሀል ይገባል። ግንዱም ቅርንጫፉም በዛፍ ሽበትና በሞስ የተሸፈነው ለዚህ ነው። ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ይጠቅማችኋል። አንደኛ፣ ነፍሳቱ የሚኖሩት ሽበቱ ውስጥ ስለሆነ ወፉም ምግቡን የሚለቅመው እዚያው ነው፤ ዓይናችሁን የት እንደምትጥሉ አወቃችሁ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ጥርት ብሎ ይቆይና ወደ ረፋዱና ከሰዓት ደመናው ይከመራል። ስለዚህ የቀኑ ዋና ሥራ የጠዋት ሥራ ነው።

ስትወርዱ ጫካው ይለዋወጣል፤ ወፉም አብሮት። አምባው ጠርዝ ላይ አስታ የሚባለው ተክል አለ። ከእሱ ሥር፣ ሪራ የምትባለው መንደር አካባቢ፣ ኮሶና አመጃ የሚባሉት ዛፎች። ከዚያ ቀርከሃው። ከዚያ ትልልቁ እርጥብ ጫካ፤ ካቻ የሚባለው የድንኳን ቦታ እዚህ ውስጥ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ደሎ መና ስትጠጉ ዝግባውና በራሱ የበቀለው የጫካ ቡና ይመጣል። በአንድ ቀን ሁሉንም ለማዳረስ አትሞክሩ። ሁለት ከፍታ ምረጡ። ለጀማሪ የምመክረው ጠዋት ካቻ አካባቢ፣ ከሰዓት ሪራ አካባቢ ነው። ምክንያቱን ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ይሻላል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎችም ያን ጊዜ እዚህ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባይኖኩላር፣ ቢቻል 8×42። 8 የማቅረብ አቅሙ ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 42ን ለ8 ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚገባውን የብርሃን ስፋት ታገኛላችሁ፤ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ትንሿ 8×25 ግን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ትሰጣለች። ሜዳ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ጨለማ ጫካ ውስጥ ግን ወፉ በቀለሙ መታየቱን ወይም ጥላ ብቻ መሆኑን የሚወስነው እሱ ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየው ስፋትም ጠባብ ነው።
- የአፍሪካ ቀንድን ወፎች የሚሸፍን የመለያ መጽሐፍ። ወይም ስልክ ላይ መርሊን የሚባለው የወፍ መለያ መተግበሪያ፤ የአካባቢውን ጥቅል ከተማ ሳላችሁ አውርዱ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ።
- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።
- የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ትርፍ ካልሲ።
- ሶሉ የሚቆነጥጥ ቦት ጫማ። ረጅም ሱሪ፤ ሳማ በየመንገዱ ዳር አለ።
- ደረቅ ጨርቅ፣ ሁለት ወይም ሦስት። አንዱ ለመስታወት ብቻ።
- የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ውኃ።
- ስንቅ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ካገኛችሁ የአካባቢው ጭኮ። ቆሎውን በፌስታል አትያዙ፤ በጨርቅ ከረጢት አድርጉት። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ የፌስታል ኮሽታ ሩቅ ይሰማል።

ልብሳችሁ ደብዘዝ ያለ ይሁን፤ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። ነጭ ጋቢና ነጠላ ለማታ ይቆዩ። ወፎች ቀለም አጥርተው ያያሉ፤ ጥቁር አረንጓዴ መሀል የሚንቀሳቀስ ነጭ ነገር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይታያቸዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ልብ በሉ

ከአዲስ አበባ ዲንሾ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ለመንገድ መድቡ። ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሙሉ። ከዝናብ በኋላ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ከሌላችሁ አትድፈሩት።

ሰነቴ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከጀመራችሁ ወደ ሐረና ውረዱ። ከፍታው ያመጣው ሕመም በመውረድ ነው የሚሻለው። ላብ ባረጠበው ልብስ አምባው ላይ አትቁሙ፤ ንፋሱ አጥንት ድረስ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና አስጎብኚ

ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት አለ። የመግቢያ ክፍያችሁን እዚያ ፈጽሙ፤ ደረሰኙን መኪና ውስጥ አኑሩት፤ ኬላ ላይ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አስጎብኚ ስትቀጥሩ «ወፍ ለማየት ነው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ቀይ ቀበሮ በማሳየት የተካነ ሁሉ የጫካ ወፍ ድምፅ ይለያል ማለት አይደለም። ወፍ የሚያውቀው ሰው ካትበርድ የሚባለው ወፍ የት እንደሚዘምር፣ የትኛው ዛፍ አሁን ፍሬ እንዳለው ይነግራችኋል። እናንተ በቀናት የማታገኙትን እሱ በአንድ ጠዋት ያሳያችኋል።

ደረጃ 2፦ ባይኖኩላሩን ቤት ሳላችሁ አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከዚያ ወፉ መጥቶ ሲቆም መስታወቱን ሲያሽከረክር ወፉ ይሄዳል።

1. ሁለቱን ቱቦዎች አጠጋጉ ወይም አራርቁ፤ አንድ ክብ ብቻ እስኪታያችሁ።
2. የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የጎማውን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገቡት። የማታደርጉ ከሆነ አውጡት። ይህ ካልተስተካከለ ዙሪያው ይጠቁራል።
3. ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በግራ ዓይን ሩቅ ያለ የማስታወቂያ ጽሑፍ እዩና መሀል ያለውን መዘውር ጽሑፉ እስኪጠራ አዙሩ።
4. አሁን ግራውን ጨፍኑ። መዘውሩን ሳትነኩ ቀኝ ዓይን ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ፤ ያው ጽሑፍ እስኪጠራ። የሁለት ዓይናችን አቅም እኩል ስላልሆነ ነው ይህ የሚደረገው። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አድርጉበት፤ ከዚህ በኋላ መሀለኛውን መዘውር ብቻ ነው የምትነኩት።

ከዚያ ልምምድ። በረንዳ ላይ ቁሙና አንዲት ርግብ ላይ ዓይናችሁን ትከሉ። ዓይናችሁን ሳታነሱ፣ ጭንቅላታችሁን ሳታጎነብሱ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ርግቧ ክቡ ውስጥ መሆን አለባት። እጃችሁ እስኪለምድ ደጋግሙት። ባይኖኩላሩን መጀመሪያ አንስቶ በእሱ ወፍ መፈለግ ጫካ ውስጥ በፍጹም አይሠራም፤ ቅጠል ሁሉ አንድ ነው።

ደረጃ 3፦ አምስት ድምፅ አጥኑ

ሁሉን ማጥናት አያስፈልግም። አምስቱን የለየ ሰው ቀሪው ድምፅ «አዲስ» መሆኑን ያውቃል፤ ትኩረቱንም እዚያ ያደርጋል። መጽሐፎቹ ላይ እንድታገኟቸው ስማቸውን እዚያ እንዳለው ጽፌዋለሁ።

- ዋትልድ አይቢስ። ጎህ ሲቀድ እየበረረ ይጮኻል። ሻካራና ከፍተኛ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የምትሰሙት እሱን ነው።
- ኋይት ቺክድ ቱራኮ። ከጉሮሮ የሚወጣ ወፍራም፣ ተደጋጋሚ ድምፅ። ሰውነቱ አረንጓዴ ስለሆነ ተቀምጦ አይታይም። ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ድምፁን ስትሰሙ ከዛፍ ወደ ዛፍ እስኪሻገር ጠብቁ።
- የሎው ፍሮንትድ ፓሮት። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ በቀቀን። በጠዋት ከዛፎቹ በላይ በፍጥነት እየበረረ ስል የሆነ ጩኸት ያሰማል። ድምፁን ሰምታችሁ ሰማዩን ካላያችሁ አመለጣችሁ።
- አቢሲኒያን ካትበርድ። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ። ግራጫ ነው፤ ጅራቱ ሥር ቀላ ያለ ቡናማ አለው። ድምፁ ጥርት ያለና የሚያምር ነው፤ ጥንዶቹ ይቀባበሉታል። ኮሶና ጥድ ባለበት ጫፍ ጫፉን ፈልጉት።
- ሲልቨሪ ቺክድ ሆርንቢል። ይህን በጩኸቱ ብቻ ሳይሆን በክንፉም ትለዩታላችሁ። ትልቅ ስለሆነ ሲበር የክንፉ ሹሹታ ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ሌላ ድምፅ ልጨምር፤ ወፍ ግን አይደለም። በጠዋት ጫካው ውስጥ የሚያገሳ፣ የሚንከባለል ድምፅ ከሰማችሁ ጉሬዛ ነው። ጀማሪዎች ትልቅ ወፍ ይመስላቸውና ሲፈልጉት ጠዋቱ ያልፋል።

ደረጃ 4፦ በዋዜማው ጫካው አጠገብ እደሩ

ጎባ አድሮ በሌሊት ሰነቴን ማቋረጥ ይቻላል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አትቀበሉት። በጨለማ አምባው ላይ ጥንቸሉም ቀበሮውም መንገድ ላይ ነው፤ በሌሊት የሚንቀሳቀሱና መንገዱ ላይ የሚያርፉ ወፎችም አሉ። ጭጋግ ሲጨመርበት ለእናንተም ለእነሱም አደጋ ነው። ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተሻገሩና ሪራ ወይም ካቻ እደሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ባይኖኩላሩን ሰነቴ ላይ አውጥታችሁ ከተጠቀማችሁ መስታወቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ወደ ሐረና ወርዳችሁ ወዲያው ስታወጡት ሞቅ ያለው እርጥብ አየር መስታወቱ ላይ ውኃ ይሆናል። ብትጠርጉትም ተመልሶ ይደፈናል። ስለዚህ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ተዉት፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ጠዋትም እንዲሁ፣ በጃኬታችሁ ውስጥ ያዙት። ዓይናችሁ ላይ ስታደርጉት በአፍንጫ ሳይሆን በአፍ ወደ ታች ተንፍሱ።

ደረጃ 5፦ ከመንጋቱ በፊት ቦታ ያዙ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጭ ሁኑ። ብርሃኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዝማሬው ግን ይቀድመዋል። በጨለማው ድምፅ ቁጠሩ። የትኛው ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በእጃችሁ እያመለከታችሁ ለአስጎብኚያችሁ ንገሩት። ሲነጋ የት እንደምትሄዱ የሚወስነው ይሄ ነው።

ቦታው ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ውስጥ አይሁን። የጫካው ጠርዝ ወይም የመንገዱ ዳር ይሁን፤ ካቻ ላይ ከሆናችሁ ገላጣው ሜዳ ዳር። ጠርዝ ላይ ብርሃን ቀድሞ ይደርሳል፤ ነፍሳቱ ቀድመው ይነቃሉ፤ ወፉም ወደዚያ ይወጣል።

መጀመሪያ ግን መሬቱን እዩ። አቢሲኒያን ግራውንድ ትረሽ በዚህ ሰዓት መንገዱ ዳር ቅጠል እየገለበጠ ይለቅማል። ደረቱ ብርቱካናማ ነው፤ ክንፉ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለው። መኪና ወይም ሰው መንገዱን ከረገጠ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ ላታዩት ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ቁሙ

አሁን ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። ሃምሳ እርምጃ ገደማ ተራመዱና ቁሙ። ስልካችሁ ላይ 15 ደቂቃ ሙሉ፤ ድምፁን ዘግታችሁ። እስኪያልቅ አትንቀሳቀሱ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባዶ ናቸው። ስትመጡ አይተዋችኋል፤ ዝም ብለዋል። አደጋ እንዳልሆናችሁ ሲያምኑ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚሄደው ልክ ሊመለሱ ሲሉ ነው። ቀጣዩ ቦታ ላይም ያው ይደገማል። ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የዋለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ጫካ ይዞ ይዞራል።

ስትቆሙ እንዲህ አድርጉ፦

1. አፋችሁን በትንሹ ክፈቱ፤ እጃችሁን ጆሯችሁ ጀርባ አድርጉ። ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩ። ድምፁ የሚጎላበት አቅጣጫ ወፉ ያለበት ነው።
2. ከፍታውን ወስኑ። ከመሬት? ከመሀል? ከጫፍ? ይህ ብቻ የሚሆኑትን ወፎች በብዙ ይቀንሳል።
3. ዓይናችሁን አንድ ቅጠል ላይ አትትከሉ። ሰፋ አድርጋችሁ እዩ፤ እንቅስቃሴ ጠብቁ። ቅጠል በንፋስ ሲወዛወዝ ጎረቤቱም ይወዛወዛል። አንድ ቅጠል ብቻዋን ከተንቀሳቀሰች ወፍ አለባት።
4. እንቅስቃሴውን በዓይናችሁ ያዙ። ከዚያ ብቻ ባይኖኩላሩን አንሱ።

ዝም ብለው የሚቀመጡም አሉ። ናሪና ትሮገን ሆዱ ቀይ፣ ጀርባው አረንጓዴ ነው። ጀርባውን ይሰጣችሁና ቅጠል መስሎ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። እንዲህ ያለውን በእንቅስቃሴ አታገኙትም። ወደ ታችኛው ጫካ ስትወርዱ መሀለኛ ቅርንጫፎችን አንድ በአንድ መመርመር ነው ያለው መፍትሔ።

ለጓደኛችሁ ወፉን ስታሳዩ «እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ» አትበሉ። ጣትም አትቀስሩ፤ እጅ በፍጥነት ሲነሳ ወፉ ይሸሻል። ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት አስቡት። ጫፉ 12፣ ሥሩ 6። «ሽበት የበዛበት ኮሶ፣ 2 ሰዓት ላይ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ» ማለት ይበቃል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ግን ሹክሹክታ አትጠቀሙ። የ«ሽ» እና የ«ስ» ፉጨት ከለስላሳ ንግግር ይበልጥ ይሰማል።

ደረጃ 7፦ የተቀላቀለው መንጋ ሲመጣ

ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ በድንገት ዛፉ ሁሉ ወፍ ይሆናል። ይህ የተቀላቀለ መንጋ ነው። የተለያየ ዓይነት ያላቸው ትንንሽ ወፎች አብረው እየለቀሙ ያልፋሉ። ብዙ ዓይን ስላለ ጭልፊት ሲመጣ ቶሎ ይታወቃል፤ አንዱ ያስደነገጠውን ነፍሳት ሌላው ይለቅማል።

ሐረና ውስጥ የመንጋው መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላቸው ትንንሽ ቢጫ አረንጓዴ ወፎች ናቸው፤ ኋይት አይ ይባላሉ። እነሱን ስታዩ አትዝናኑባቸው። ብዙ ስለሆኑ ዓይን ይይዛሉ፤ ከኋላ ያለውን ያስመልጧችኋል። በመሀል አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ይሆናል። ሽበት የለበሰ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ አቢሲኒያን ውድፔከር፣ ግንደ ቆርቁሩ፣ ቀስ እያለ ይቆረቁራል። ኋይት ባክድ ብላክ ቲትንም አትርሱ፤ ጥቁር ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ አለበት።

መንጋውን ከኋላ አትከተሉ። ወዴት እንደሚሄድ እዩና በመንገዱ ዞራችሁ ፊቱ ቁሙ፤ እነሱ ራሳቸው ይመጡላችኋል። ከኋላ የሮጠ ሰው የሚያየው ጅራት ብቻ ነው።

ስም ለመስጠት አትቸኩሉ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፦ መጠን፣ አቀማመጥ፣ የዛፉ ከፍታ፣ እንቅስቃሴ፣ ምንቃር፣ ቀለም በመጨረሻ። ጭጋግና ቅጠል ቀለምን ይለውጣሉ፤ አቀማመጥን ግን አይለውጡም። መጽሐፉን የምትከፍቱት ወፉ ከሄደ በኋላ ነው።

ደረጃ 8፦ ነጭ ሰማይ ጀርባ ሲሆን

ደመናማ ሰማይ ነጭ ነው፤ እሱ ፊት የተቀመጠ ወፍ ሁሉ ጥቁር ይመስላል። ከዛፍ ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ አታንጋጡ። አንገትም ይታመማል፤ የምታዩትም ሆድ ብቻ ነው። ሐረና ቁልቁለት መሆኑን ተጠቀሙበት። መንገዱ ዳገቱን ቆርጦ ስለሚያልፍ፣ የላይኛው ጠርዝ ላይ ስትቆሙ የታችኞቹ ዛፎች ጫፍ ከዓይናችሁ ትይዩ ይሆናል። ወፉ ጀርባው ላይ ሰማይ ሳይሆን ጫካ ይኖረዋል፤ ቀለሙም ይወጣል። ፎቶ የምታነሱም ከሆነ፣ ሰማይ ጀርባ ሲሆን የብርሃን ማስተካከያውን +1 ወይም +2 አድርጉት። አለበለዚያ ካሜራው ሰማዩን ለክቶ ወፉን ያጠቁረዋል።

ደረጃ 9፦ ከረፋድ እስከ ማታ

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ዝማሬው ይቀንሳል። አሁን ፍሬ ያለው ዛፍ ፈልጉ፤ ሾላ ወይም ዝግባ። መሬት ላይ የወደቀ፣ የተነከሰ ፍሬ ካያችሁ ቀና በሉ። ቱራኮና ሆርንቢል ወደዚያ ይመጣሉ። አፍሪካን ኦሊቭ ፒጅንም ይመጣል፤ ምንቃሩና እግሩ ቢጫ የሆነ ትልቅ እርግብ ነው። እዚህ ተቀምጣችሁ ምሳችሁን ብሉ። አየሩ ሲሞቅ ሰማዩንም በየመሀሉ ቃኙ፤ ንስሮች ተንሳፍፈው የሚዞሩት በዚህ ሰዓት ነው። ጦጣ የሚያድነውን ዘውዳሙን ንስር ከጫካው በላይ ማየት ትችላላችሁ።

ደመናው ሲገባ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ባላችሁበት ሆኖ ቅርብ ያለውን መሬት ማየት ነው፤ በጭጋግ ወፎች ሰው ያስጠጋሉ። ሌላው ወደ ሪራ መውጣት ነው። ከላይ ኮሶውና አመጃው ስለሚሳሳ ጭጋግ ውስጥም ቢሆን ይታያል። አበባ ያለበት ቁጥቋጦ ካገኛችሁ ቁሙ፤ ወይን ጠጅ የሚያብረቀርቀው ታካዜ ሰንበርድ ማር ሊመጥ ይመጣል። ቼስትነት ኔፕድ ፍራንኮሊን የሚባለው ቆቅም አስታው ጠርዝ ላይ ይወጣል። ጠዋት ታች፣ ከሰዓት ላይ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ማደሪያችሁ ሁኑ። ያያችሁትን ያን ማታውኑ ጻፉ፦ ወፉ፣ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ ከፍታው፣ ዛፉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን «ያልታወቀ» ብላችሁ ምልክቱን ብቻ መዝግቡ። ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ የምታስገቡ ከሆነ ዝርዝሩን ያለ ኔትወርክ መሙላት ይቻላል፤ ጎባ ስትደርሱ ትልኩታላችሁ። ስልኩ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት የሚለይ ሰዓት እንደሚመዘግብ አትርሱ፤ ደብተራችሁ ላይ የትኛውን እንደጻፋችሁ አስታውቁ።

ማስጠንቀቂያ

የወፍ ድምፅ በስፒከር እየደጋገማችሁ አትክፈቱ። ወፉ ሌላ ወፍ ቦታውን ሊወስድበት የመጣ ይመስለዋል። ጎጆውንና ምግቡን ትቶ ይጣላል፤ ጫጩት ካለው ይቀዘቅዝበታል። እንደ ካትበርድ ዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው ወፍ ላይ ይህን ማድረግ ነውር ነው። ጎጆ ካገኛችሁም ወዲያው ራቁ፤ የረገጣችሁት ዱካ አዳኝ አውሬ ይመራል።

ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች የሪራና የአካባቢው ሰዎች መተዳደሪያ ናቸው። ከቀፎው ሥር አትቁሙ፤ ንቡ ይነሳል። የምታገኟቸውን ሰዎች «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላም በሉ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

ሐረና አንበሳና ነብር ያለበት ጫካ ነው። ያለ አስጎብኚ ከመንገድ አትውጡ፤ ብቻችሁንም በማታ አትዙሩ። በጭጋግ ሃምሳ ሜትር የራቀ ሰው መንገዱን ያጣል። ጉንዳን መስመር ላይ እንዳትቆሙ እግራችሁ ሥር እዩ። እሳት አታንድዱ፤ በደረቅ ወራት አስታው በቀላሉ ይያያዛል።

የተለመዱ ስህተቶች

*ስልኩ ያለውን ሁሉ ማመን።* መርሊን ድምፅ ሰምቶ ስም ሲሰጣችሁ ፍንጭ ነው። ወፉን ሳታዩ ወይም አስጎብኚው ሳያረጋግጥ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት።

*ኦሪዮሎችን መቀላቀል።* ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ቢጫ የሆነ ኦሪዮል ሁሉ ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ዓይነት ነው ማለት አይደለም። በጣም የሚመሳሰል ሌላ አለ። ክንፉን ፎቶ አንሱና ማታ ከመጽሐፉ ጋር አነጻጽሩ።

*ብዙ ሰው ሆኖ መግባት።* ከአራት በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ።

*እርጥብ ባይኖኩላር ማሸግ።* ማታ ከማኅደሩ አውጥታችሁ ክፍት ቦታ አሳድሩት፤ እሳት አጠገብ ግን አይሁን። ታሽጎ ያደረ እርጥበት መስታወቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታ ደግሞ ቤት ውስጥ በጨርቅ አይለቅም።

ግማሽ ቀን ብቻ ላላችሁ

ደረጃ 5ን፣ 6ንና 7ን ብቻ ሥሩ። ካቻ እደሩ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እዚያው አካባቢ ቆዩ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቦታ በላይ አትቀያይሩ። ከዚያ ሰነቴን በብርሃን ተሻግራችሁ ጎባ ለምሳ ትደርሳላችሁ።